ጨለማው ውስጥ ያለው ማን ነው? ፓምፕ ሾትገን ላይ ባትሪ ስለመግጠም

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2013፣ ገና ሳይነጋ፣ ሚሺጋን ግዛት ዲርቦርን ሃይትስ ከተማ ውስጥ አንዲት የ19 ዓመት ወጣት የማታውቀውን ሰው በር ደበደበች። ከሰዓታት በፊት መኪናዋን አጋጭታ ነበር። የቤቱ ባለቤት ከእንቅልፉ ተነሥቶ 12 ጌጅ ሞስበርግ ሾትገኑን አነሣ፣ ዋናውን በር ከፈተ፣ በወንፊቱ በር በኩልም ተኮሰ። ወጣቷ ፊቷን ተመትታ ሞተች። መሣሪያ አልያዘችም። ሰውየው ለፖሊስ የደወለው ከተኮሰ በኋላ ነበር። በችሎት “ፈርቼ ነው” ቢልም ጁሪው በሁለተኛ ደረጃ ግድያ ጥፋተኛ አለው፤ ቢያንስ 17 ዓመት እንዲታሰርም ተፈረደበት።

ሰውየው መብራት ይዞ ቢሆን ኖሮ አይተኩስም ነበር ብሎ መማል አይቻልም። ፍርሃት የሚያይን ዓይንም ያሳውራል። ሾትገን የያዘ ሰው ግን ፊቱ ያለው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ቃታ ላይ ጣቱን ማሳረፍ የለበትም። ለቤት ጥበቃ የተለመደው “ደብል ኦት” የሚባለው ጥይት በአንድ ምት ስምንት ወይም ዘጠኝ የእርሳስ እንክብሎች ይተፋል፤ የእያንዳንዱ ውፍረት 8.4 ሚሊሜትር ያህል ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ባለ ርቀት ደግሞ እንክብሎቹ ከመዳፍ ብዙም አይበታተኑም፤ ሾትገን ሳያነጣጥሩ የሚመታበት መሣሪያ ነው የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ስለዚህ ለቤት በሚቀመጥ ሾትገን ላይ አስቀድሞ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ተጨማሪ ዕቃ ባትሪ ነው። ሌዘሩም፣ የጥይት መደርደሪያውም ከዚያ በኋላ ይምጡ።

ባትሪውን የመግጠሙ ችግር ያለው የፓምፕ ሾትገን አሠራር ላይ ነው። ሬሚንግተን 870 ገበያ ላይ የዋለው በ1950 ነው፤ እስከ 2009 ከአሥር ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ሞስበርግ 500 ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ። ሁለቱም ሲነደፉ ባትሪ የሚያርፍበት ቦታ አልታሰበላቸውም። በርሜሉ ከላይ፣ ጥይቶቹ የሚሰለፉበት ቱቦ ከሥሩ ነው፤ በቱቦው ላይ ደግሞ የፊት እጀታው ወደኋላና ወደፊት ይሮጣል። ግራ እጅ እጀታውን ወደኋላ ስቦ ቀለሁን ያስወጣል፣ ወደፊት ገፍቶ አዲስ ጥይት ያቀባብላል። በሌሎች ጠመንጃዎች ላይ ግራ እጅ አንድ ቦታ ላይ ይቆያል፤ አውራ ጣትም ማብሪያውን ሳይፈልግ ያገኘዋል። ፓምፕ ላይ ግን እጁም እጀታውም ይንቀሳቀሳሉ። አገጣጠሙን ሁሉ የሚወስነው ይህ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ እጀታውን ራሱን መቀየር ነው። የሹርፋየር ዲኤስኤፍ እና የስትሪምላይት ቲኤል ራከር የሚባሉት ዕቃዎች ባትሪውም፣ ማብሪያውም፣ እጀታውም አንድ ላይ የተሠሩ ናቸው። ፋብሪካው የሠራውን እጀታ አውጥቶ በቦታው ይህን መተካት ነው፤ የሚንጠለጠል ሽቦ የለም፣ ማብሪያው እጅ በሄደበት ይሄዳል። ዲኤስኤፍ 600 እና 200 ሉመን የሚሰጡ ሁለት ደረጃዎች አሉት፤ ቲኤል ራከር 1,000 ሉመን ይሰጣል። ሁለቱም የሚሠሩት በሁለት ሲአር123ኤ ድንጋዮች ነው። ዋጋቸው ቀላል አይደለም፤ አንዳንዴ ያገለገለ ሾትገን ራሱ ከሚገዛበት ብዙ አይርቅም። ቢሆንም ይህን መሣሪያ ለሌሊት ብሎ የሚያስቀምጥ ሰው የሚያወጣው ገንዘብ ያለቦታው አይወጣም።

ሁለተኛው መንገድ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ እጀታ ገዝቶ ትንሽ ባትሪ በጎኑ ማሰር ነው። ማግፑል በ2014 ያወጣው ኤም-ሎክ የሚባለው አሠራር ለዚህ ይመቻል፤ ከዚያ በፊት የነበረው የፒካቲኒ ሀዲድም እንዲሁ። ሀዲዱ ስሙን ያገኘው ኒው ጀርሲ ካለው የጦር መሣሪያ ማዕከል ሲሆን በ1995 የአሜሪካ ጦር መለኪያ ሆነ። ባትሪው በጎን ሲታሰር ጅራቱ ላይ ያለውን ማብሪያ አውራ ጣት እንዲደርስበት ወደኋላ መሳብ ያስፈልጋል። ግን በጣም ወደኋላ ሲሄድ የበርሜሉ ጥላ በተቃራኒው ወገን ይወድቃል፤ ያ ጨለማ ቁራጭ ደግሞ አንድ ሰው ሊቆምበት የሚችል ማዕዘን ነው።

ሦስተኛውና ርካሹ ባትሪውን በጥይት ቱቦው ጫፍ ላይ በማሰሪያ መጨምደድ ነው። ለመግጠም አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ጥላም የለውም። ነገር ግን ማብሪያው እጅ ከሚያርፍበት ሩቅ ነው። ለማብራት ግራ እጅ እጀታውን መልቀቅ አለበት፤ ሁለተኛ ጥይት ለማቀባበል ሲመለስም መብራቱ እንደበራ ወይም እንደጠፋ ይቀራል። በሽቦ የሚሠራ ማብሪያ ወደ እጀታው ማምጣት ይቻላል፤ ሽቦው ግን ከእጀታው ጋር ሲሮጥ ከበር እጀታም ከልብስም ጋር ይጠላለፋል። በተጨማሪ ከአፈሙዙ ጎን የተቀመጠ መስታወት በጥቂት ጥይት ጥላሸት ይለብሳል። ልምድ ያላቸው ሰዎች መስታወቱን ቫዝሊን ቀብተው ይተኩሳሉ፤ ከዚያ በጨርቅ ሲጠርጉት ጥላሸቱ አብሮ ይነሣል።

ስለ ማብሪያው የሚነገረው ሁሉ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። አይደለም። በ2010 ፕላኖ ቴክሳስ ውስጥ አንድ ፖሊስ በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ሰው ሊይዝ ሄዶ ሽጉጡ ላይ ያለውን መብራት ሊያበራ ሲል ቃታውን ሳበ፤ ሰውየው ሞተ። የዚያ መብራት ማብሪያ የተሠራው ከቃታው ሥር፣ ሽጉጡን በያዘው እጅ ጣት እንዲጨመቅ ሆኖ ነበር። በጭንቅ ሰዓት አንድ ጣት ሲጨብጥ ሌሎቹም አብረው ይጨብጣሉ። ፓምፕ ሾትገን በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ቃታው በቀኝ፣ መብራቱ በግራ እጅ ተከፋፍለዋል። ይህን ክፍፍል የሚያፈርስ ማንኛውም አገጣጠም መተው አለበት። በተቃራኒው ደግሞ እጀታውን ጨብጦ ሲያቀባብል ማብሪያውን ሳያስበው የሚጫን ሰው ራሱን ለሚፈራው ሰው ያሳያል፤ ስለዚህ መብራቱ ጠፍቶ ማቀባበልን በባዶ ጠመንጃ ደጋግሞ መለማመድ ግድ ነው።

የመብራቱ ኃይል ብዙ ገዥዎችን የሚያሳስት ጉዳይ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሉመን ከባትሪው የሚወጣውን ጠቅላላ ብርሃን ይለካል፤ ካንዴላ ደግሞ ጨረሩ መሃል ላይ ምን ያህል እንደተሰበሰበ። 10,000 ካንዴላ ያለው ባትሪ አምስት ሜትር ላይ ያለን ፊት በ400 ሉክስ ያበራል፤ ይህ ለንባብ ከሚበቃ የቢሮ መብራት ብዙ አይርቅም። ካርቶኑ ላይ ያለው የርቀት ቁጥር ደግሞ ብርሃኑ ተዳክሞ 0.25 ሉክስ የሚደርስበት ቦታ ነው፤ በጠራ ሰማይ ሙሉ ጨረቃ የምትሰጠው ያህል። በዚህ ስሌት ያው ባትሪ “200 ሜትር” ተብሎ ይሸጣል። በ200 ሜትር ላይ የሰው ፊት ለይቶ ማወቅ ግን አይታሰብም። ግድግዳዎቹ ነጭ በሆኑ ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ከልክ ያለፈ ጨረር ተመልሶ የያዘውን ሰው ዓይን ያጭበረብራል። ለቤት ውስጥ ከመሃሉ ጨረር ዙሪያ ሰፊ ብርሃን የሚያፈስ ባትሪ ይመረጣል፤ ለእርሻና ለሰፊ ግቢ ደግሞ የተሰበሰበው።

ወደ ሥራው ሲገባ መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። ፓምፕ ላይ ጥይት የሚደበቅበት ቦታ ሁለት ነው፤ በርሜሉ መግቢያ ላይ ያለው ቤትና ቱቦው። ሁለቱም በዓይንም በጣትም ይፈተሻሉ፤ ጥይቶቹም ሥራው ከሚሠራበት ክፍል ይወጣሉ። 870 ላይ የቱቦው ክዳን ይፈታል፣ በርሜሉ ይወጣል፣ የፊት እጀታው ከነዘንጎቹ ወደፊት ይሳባል፤ ከዚያ እጀታውን የያዘው ዳዶ ለእሱ በተሠራ መፍቻ ይፈታል። በካቻቪቴ የሚታገል ሰው ዳዶውን ያበላሻል። ሞስበርግ ያለው ሰው ከመግዛቱ በፊት እጀታው የሚለብስበትን ቱቦ ርዝመት መለካት አለበት፤ ሁሉም 500 አንድ ዓይነት አይደለም፣ የማግፑል እጀታ ለምሳሌ የሚፈልገው 7¾ ኢንች የሆነውን ነው።

ብሎኖቹ በሰማያዊው ሎክታይት ይታሰራሉ። ቀዩ ያለ ሙቀት አይፈታም። 12 ጌጅ ርግጫው ኃይለኛ ስለሆነ ያልተጣበቀ ብሎን አብሮ አይቆይም፤ በድሮ ጊዜ በርግጫው ክራቸው እየተበጠሰ የሚያስቸግሩት የአምፖል ባትሪዎች ነበሩ፣ ኤልኢዲ ያን ችግር ቀርፎታል። ገጥሞ ሲያበቃ ባሩድ በሌለው የልምምድ ጥይት እስከ ጫፍ ድረስ ማቀባበል፣ ወደኋላ ሲመጣ እጀታው የጎን ጥይት መደርደሪያውን እንዳይመታ ማየት፣ ከዚያ ተኩስ ሜዳ ወስዶ በእውነተኛ ጥይት መሞከርና ብሎኖቹን እንደገና መፈተሽ ነው። አዲስና አሮጌ ሲአር123ኤ ድንጋይ መቀላቀል ግን አደገኛ ነው፤ ሊቲየም ስለሆኑ ሊግሉና ሊፈነዱ ይችላሉ።

ጠመንጃ ላይ የታሰረ መብራት የእጅ ባትሪን አይተካም። ይህ ነጥብ በማስታወቂያዎቹ ውስጥ አይገኝም፣ ከሁሉ የሚበልጠው ግን እሱ ነው። መብራቱ የሚዞርበት ሁሉ አፈሙዙም ይዞራል። ሌሊት ኮሽታ ሰምቶ ኮሪደሩን በሾትገኑ መብራት የሚፈትሽ አባት ውኃ ሊጠጣ የተነሣ ልጁ ላይ የተቀባበለ መሣሪያ ይደቅናል። ፍተሻ በእጅ ባትሪ ወይም በግድግዳ ማብሪያ ይሁን። የጠመንጃው መብራት ሲበራም አፈሙዙ ወደ መሬት አዘንብሎ ከወለሉ በሚመለሰው ብርሃን ማየት ይቻላል፤ 600 ሉመን ያለው ባትሪ በዚህ መንገድ መካከለኛ ክፍልን ሙሉ ያበራል።

አሜሪካ ለሚኖር ሐበሻ የሕጉ ጉዳይ ከዕቃው ምርጫ ይቀድማል። ባትሪ መግጠሙን የፌዴራል ሕግ አይከለክልም። ጠመንጃውን መያዝ ግን ሌላ ነው፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሾትገን ሊገዛ ይችላል፣ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን የአደን ፈቃድን ከመሰለ ልዩ ሁኔታ በቀር ተከልክሏል፤ ወረቀት የሌለውም እንዲሁ። የጓደኛን ጠመንጃ መያዝም ያው ጥፋት ሆኖ የስደት ጉዳይን ሊያበላሽ ይችላል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ ፖሊስ ዘንድ ይመዘገባል፤ ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ለሾትገን ምዝገባ የለም። አዳኞችም ቢሆኑ በአብዛኞቹ ግዛቶች አጋዘንን በሌሊት በመብራት መተኮስ እንደሚያስቀጣ ይወቁ።

ሽጉጥ የሚሸጥ ነጋዴ መቆለፊያ አብሮ እንዲሰጥ የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል፤ ሾትገን ላይ ይህ ግዴታ የለም። ልጆች ያሉበት ቤት ስለዚህ ራሱ መግዛት አለበት። መብራት የተገጠመለት ሾትገን በፊት እጀታው በኩል ይወፍራል፤ ቀድሞ ይገባበት የነበረው ጠባብ የብረት ሣጥን ወይም የግድግዳ መያዣ ላይበቃው ይችላል። ሣጥኑ የሚለካው ባትሪው ከተገጠመ በኋላ ነው፤ ሲዘጋም በሩ ማብሪያውን ተጭኖ ሌሊቱን ሙሉ ድንጋዩን እንዳይጨርሰው ማብሪያውን የሚያቋርጥ መቆለፊያ ያለው ባትሪ ይመረጣል።