«ጎማችሁን አስተንፍሱ» ለሚሉን

ክረምት በገባ ቁጥር የማይቀረው ምክር ዘንድሮም ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው፦ «ዝናብ ሲበረታ የጎማችሁን ነፋስ ቀነስ አድርጉ፤ ጎማው ይሰፋና አስፋልቱን ቆንጥጦ ይይዛል»። የሚልከው ሰው ለወዳጁ አስቦ ነው። ምክሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ውሃ በተኛበት አስፋልት ላይ ነፋስ የጎደለው ጎማ ይበልጥ ቶሎ ይንሳፈፋል።

ሌላውን የክረምት ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን። የዝናብ መጥረጊያ ይቀየር፣ በጣርማበር ጉም ውስጥ መብራት ይብራ፣ የሞላ ወንዝ አይደፈር። አልደግመውም።

የማስተንፈሱ ልማድ መነሻው አሸዋ ሳይሆን አይቀርም። ወደ ዳናኪል የሚወርዱ የላንድክሩዘር ሹፌሮች አሸዋው ጋ ሲደርሱ ጎማ ያስተነፍሳሉ፤ ልክ ናቸው። ሰፋ ያለ ጎማ ክብደቱን አከፋፍሎ ያሳርፋል፣ አይሰምጥም። አስፋልት ላይ ውሃ ሲተኛ ግን የምንፈልገው ጎማው እንዲሰምጥ ነው፦ ውሃውን ሰንጥቆ ከታች ያለውን አስፋልት እንዲነካ።

ለመስመጥ ጊዜ ያስፈልገዋል። በሳፋ ውሃ ላይ መዳፍዎን በቀስታ ቢያሳርፉ እጅዎ ይገባል፤ በኃይል ቢመቱት ውሃው መልሶ ይመታዎታል። ጎማ ፊት ያለው ውሃም እንዲሁ ነው። በዝግታ ሲነዳ በጎማው ጥርሶች መካከል ባሉት ቦዮች ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይወጣል። ፍጥነቱ ሲጨምር ውሃው መሸሻ ጊዜ ያጣና ጎማውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ግፊቱም ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ያድጋል። ይህን ግፊት የሚመክተው ጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ ነው። የውሃው ግፊት ሲያይል ጎማው ከአስፋልቱ ይለቃል፤ ሃይድሮፕሌኒንግ የሚባለው ይህ ነው።

በ1963 እ.ኤ.አ. የናሳው ዋልተር ሆርንና ባልደረባው ይህን በቀላል ቀመር አስቀመጡት። የጎማውን ነፋስ በፒኤስአይ ለክተው የቁጥሩን ስኩዌር ሩት በ16.7 ገደማ ቢያባዙ፣ ጎማው የሚንሳፈፍበትን ፍጥነት በሰዓት ኪሎ ሜትር ያገኛሉ። በ36 የተነፋ ጎማ 100 ላይ ይንሳፈፋል። ምክሩን ሰምተው ወደ 25 ካወረዱት ግን 83 ላይ። 17 ኪሎ ሜትር በገዛ እጅ ተቀነሰ ማለት ነው። በዚያ ላይ ነፋስ የጎደለው ጎማ መሃሉ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ክብደቱን ጠርዞቹ ይሸከሙታል፤ ውሃው መሃል ላይ ይታቆራል።

እዚህ ላይ ሙግት መኖሩን መደበቅ አልፈልግም። ቀመሩ የተገኘው ከአውሮፕላን ጎማ ነው፤ የሚሠራውም ውሃው የጎማው ቦዮች ከሚያስወግዱት በላይ ሲጠልቅ ነው። ውሃው ስስ ከሆነ የጥርሱ ጥልቀትና የአስፋልቱ ሸካራነት ከነፋሱ የበለጠ ይወስናሉ የሚሉ አሉ፤ እኔም እስማማለሁ። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ከቀመሩ ፍጥነት በታችም መሬት ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ 100 የሚለውን ቁጥር እንደ ፈቃድ የሚቆጥር ካለ አልገባውም። ይሁንና እስካሁን ካየኋቸው ቀመሮች ጎማ ማስተንፈስ ይረዳል የሚል አንድም የለም።

ጎማው ሲንሳፈፍ መሪው ድንገት ይቀልልዎታል። ያን ጊዜ እግርዎን ከነዳጁ ያንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ፍሬን አይርገጡ። ምክንያቱ ከናሳ ምርምር ይገኛል፦ በፍሬን መሽከርከሩን ያቆመ ጎማ ውሃ ላይ እንደገና ለመሽከርከር ከተንሳፈፈበት ፍጥነት በታች መውረድ አለበት። ለ36ቱ ጎማ ይህ 86 ገደማ ነው። እስከዚያ መኪናው መሪም ፍሬንም የለውም። ነፋሱን ደግሞ ጎሚስታ ጋ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩ፤ ከረጅም መንገድ በኋላ ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያታልላል። ትክክለኛው ልክ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፏል።

የከባድ መኪና ሹፌሮች ይህ አይመለከተንም ይላሉ። 100 ፒኤስአይ ለተነፋ ጎማ ቀመሩ 167 ይሰጣልና የሚያሰጋቸው አይመስልም። ሆርን ራሱ በ1984 እ.ኤ.አ. ወደ ጉዳዩ ተመልሶ ይህን አረመ። ጭነት የሌለው ተሳቢ ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ አጭርና ሰፊ ይሆናል፤ ውሃው ወደ ጎን የሚያመልጥበት ርቀት ይረዝማል፤ በተለመደ የአውራ ጎዳና ፍጥነትም ሊንሳፈፍ ይችላል። የእኛ ተሳቢዎች ደግሞ ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ አብዛኛውን ጊዜ ባዷቸውን ናቸው፤ ጭነቱ ያለው ሲመለሱ ነው። ሹፌሩ መኪናው ቀለለልኝ ብሎ ነዳጅ የሚረግጠው በዚያው በመውረጃው ጉዞ ነው።