ዳገቱ ነፋስ በሆነበት አገር የትኛው ብስክሌት ይሻላል?

በኔዘርላንድ የዜላንድ ግዛት፣ የሰሜን ባሕርን ማዕበል ለመገደብ በተሠራው የኦስተርስኬልደ ግድብ ላይ አንድ ለየት ያለ ብሔራዊ ውድድር ይካሄዳል፤ ነፋስን ፊት ለፊት እየገጠሙ ብስክሌት መንዳት። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ይህ ውድድር ቋሚ ቀን የለውም። አዘጋጆቹ የሚጠብቁት ወጀቡን ነው። ነፋሱ በቦፎርት መለኪያ ቢያንስ 7 እንደሚደርስ ሲተነበይ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው ጥሪ ይተላለፋል። ተወዳዳሪዎቹም ማርሽ በሌለው፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት በሆነ ብስክሌት 8.5 ኪሎ ሜትር እያቃሰቱ ይገፋሉ።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም በዚያ ዳርቻ በብስክሌት ዕረፍቱን ሊያሳልፍ ላሰበ ሰው ቁም ነገር አለው። ብዙ ሰው ኔዘርላንድ ሜዳ መሆኗን ይሰማና “ለሜዳ ያገኘሁት ብስክሌት ይበቃኛል” ይላል። አይበቃውም። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው፣ ደረቱ ላይ የሚያርፈው አየር የ45 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይኖረዋል። ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ደግሞ የአየሩ ግፊት ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። እንጦጦን በብስክሌት የሞከረ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ የእንጦጦ ዳገት መጨረሻ ያለው መሆኑ ነው።

መንገዱ ራሱ ግሩም ነው። ከቤልጂም ድንበር ተነስቶ እስከ ጀርመን ድንበር ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቅ፣ ምልክት የተደረገለት የባሕር ዳርቻ የብስክሌት መስመር አለ። በግድቦች አናት፣ በአሸዋ ኮረብቶች መካከልና በዓሣ አጥማጅ ከተሞች በኩል ያልፋል። ከብሬስከንስ ወደ ቭሊሲንገን በሚያሻግረው ጀልባ መኪና አይጫንም፤ መኪኖች እ.ኤ.አ. በ2003 በተከፈተው ዋሻ ከባሕሩ ሥር ሲያልፉ ብስክሌተኛው ላይ ላዩን፣ መርከብ እያየ ይሻገራል። የአስፋልቱ ጥራት የሚያስቀና ነው። ነገር ግን አሸዋማዎቹ ኮረብቶች ውስጥ ሲገቡ መንገዱ አንዳንዴ ወደ ሸክላ ጡብ፣ አንዳንዴም ወደ ተፈጨ ዛጎል ይለወጣል። ዛጎሉ ከጎማው ሥር እየተንኮሻኮሸ ነጭ ዱቄት ያስነሳል፤ ዱቄቱም ከአሸዋውና ከባሕሩ ጨው ጋር ተደባልቆ ቅባት ባለው ነገር ሁሉ ላይ ይለጠፋል።

ብስክሌት ላይ ደግሞ ቅባት ያለው ነገር ሰንሰለቱ ነው። በስፖርት ብስክሌት ላይ ሰንሰለቱ፣ የኋላ ጥርሶቹና ሰንሰለቱን ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው የሚያዘልለው ክንድ ሁሉም በግላጭ ናቸው። በደረቅ አስፋልት ላይ ይህ ችግር የለውም። በዚህ ዳርቻ ግን አሸዋው ከዘይቱ ጋር ሆኖ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል፣ ጨው ደግሞ ዝገቱን ያፋጥነዋል። የአገሩ ሰዎች የሚነዱት ሌላ ዓይነት ነው። ማርሹ በሙሉ የኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ በውስጡ ትንንሽ ጥርሶች በመካከለኛው ጥርስ ዙሪያ እየዞሩ ፍጥነቱን ይቀይራሉ። ሰንሰለቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ በመከለያ ይሸፈናል። አሸዋ መግቢያ የለውም። ሌላው ጥቅሙ ቆመውም ማርሽ መቀየር መቻሉ ነው። መብራት ላይ በከባድ ማርሽ ቆመው፣ ነፋሱም ከፊት እየገፋ፣ ዕቃም ጭነው መነሳት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የሞከረው ያውቀዋል።

ጉድለትም አለው። የኋላው ጎማ ቢፈነዳ መፍታቱ አሰልቺ ነው። ደች ጎማ ጠጋኞች ግን አይፈቱትም፤ ብስክሌቱን ገልብጠው የጎማውን አንድ ጎን ብቻ ያወጡና ከመናዳሪውን በዚያው ስበው፣ ውኃ ውስጥ ነክረው ቀዳዳውን ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ይለጥፉታል። ይህን ጉዞ ከመጀመርዎ በፊት ቤትዎ ሆነው ቢለማመዱት ይጠቅማል።

የአያት ብስክሌት ተብሎ የሚታወቀው፣ ወገብን ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጠውና ፔዳሉን ወደ ኋላ በመግፋት ፍሬን የሚይዘው ጥቁሩ ብስክሌት ለፎቶ ያምራል፤ ከሆቴል እስከ ባሕሩ ድረስም ይበቃል። ለሳምንት ጉዞ ግን ደረትን ለነፋስ አጋልጦ መስጠት ነው። ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌት በተቃራኒው ጎንበስ ስለሚያስደርግ ነፋሱን ይሰነጥቃል፤ ዛጎሉ ላይ ግን ይንሸራተታል፣ ሻንጣም አይችልም። አገር ቤት የለመድነው ባለ ወፍራም ጎማ የተራራ ብስክሌት ደግሞ ለሌላ አገር የተሠራ ነው፤ እዚህ ጉልበት መጨረስ ነው።

የሚታጠፈው ብስክሌት ግን አንድ ትልቅ ብልጫ አለው። ከታጠፈ በኋላ በኔዘርላንድ ባቡር ላይ በማንኛውም ሰዓት በነፃ ይጫናል። ለሌላው ብስክሌት ትኬት መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ከጁላይና ከኦገስት ወር በስተቀርም በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ ሰው በሚጨናነቅበት ሰዓት አይፈቀድም።

በባትሪ የሚታገዘውን ባለ ሞተር ብስክሌት በሚመለከት የሚሰማው ፌዝ አይገባኝም። ጉልበታቸው የሚያማቸው እናትና አባት ከልጆቻቸው ጋር እኩል እንዲጓዙ ያደረገ ማሽን ነው። በአውሮፓ ሕግ ሞተሩ 250 ዋት ሆኖ እስከ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብቻ ያግዛል። ብቻ ሻጩ የነገረዎትን የባትሪ ርቀት አይመኑ፤ በነፋስ ላይ ቶሎ ያልቃል። ሲያልቅ ደግሞ ያን ሁሉ ክብደት በእግር መግፋት ነው።

ስለዚህ በሮተርዳምም ሆነ በዴን ሃግ ዘመድ ጠይቀው በዚያው ዳርቻውን ለማየት ካሰቡ፣ ከአከራዩ ይህን ይጠይቁ፦ እምብርቱ ውስጥ ሰባት ወይም ስምንት ማርሽ ያለው፣ ሰንሰለቱ የተሸፈነ፣ ጎማው 40 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ፓራፋንጎና የኋላ ዕቃ መጫኛ ያለው። መሪው ዝቅ ማለት ከቻለ ደግሞ እሰየው። ማታ ማታ በንጹሕ ውኃ በስሱ ያለቅልቁት። ነፋሱ በብዛት የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ስለሆነም፣ ከቭሊሲንገን ተነስተው ወደ ሰሜን፣ ወደ ዴን ሄልደር ይንዱ። ሁለቱም ከተሞች ባቡር ጣቢያ አላቸው፤ መመለሻው በባቡር ይሁን።