ከአድማጭ መካከል የተቀዳ ድምፅ፦ ከሄቪ ሜታል መድረክ እስከ ቤታችን ካሴት

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ሽሮ ሜዳ በሸማ ሥራዋ ትታወቃለች። ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ሲወርዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ይገኛል። በግቢው ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገናና ሌሎችም የሙዚቃ መሣሪያዎች በክብር ተቀምጠዋል። ጎብኚው መሣሪያውን በዐይኑ ያያል። ይሁን እንጂ አንድ ማሲንቆ በሠርግ ቤት፣ ሕዝቡ እያጨበጨበና ግጥም እየሰጠ ሲያጅበው ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረው እንጨቱና ጭራው ብቻውን አይናገርም። መሣሪያው ይቆያል፤ ያ ምሽት ግን ያልፋል። ምሽቱ የሚተርፈው ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ቀድቶ ካቆየው ነው።

በዓለም የሙዚቃ ታሪክ እንዲህ ያለውን ምሽት ያተረፉት ብዙ ጊዜ ባለሙያዎች ሳይሆኑ ተራ አድማጮች ናቸው። ይህ በጉልህ ከሚታይባቸው የሙዚቃ ዘርፎች አንዱ ሄቪ ሜታል ነው።

ሄቪ ሜታል በኤሌክትሪክ ጊታር ሻካራና ወፍራም ድምፅ፣ በከባድ ከበሮና በኃይለኛ ዜማ የሚታወቅ የሮክ ሙዚቃ ዘርፍ ነው። መነሻው ከእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ከተማ ከበርሚንግሃም ጋር ይያያዛል። የብላክ ሳባዝ ባንድ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በወጣትነቱ በብረት ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ በማሽን አጣ። ከፕላስቲክና ከቆዳ የጣት ቆብ ሠርቶ መጫወቱን ቀጠለ፤ በኋላም ጣቶቹ እንዳይጎዱ የጊታሩን ክሮች አላላቸው። ክሩ ሲላላ ድምፁ ይወርዳል፣ ይከብዳልም። ባንዱ እ.አ.አ በ1970 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም በዘርፉ ታሪክ እንደ መነሻ ይቆጠራል።

የሙዚቃ ዝግጅት በሁለት ዓይነት መንገድ ይቀዳል። የመጀመሪያው በመድረኩ ያሉት ማይክሮፎኖች ሁሉ ከሚገናኙበት የድምፅ መቆጣጠሪያ፣ በተለምዶ ሚክሰር ከሚባለው መሣሪያ በቀጥታ መቅዳት ነው። ይህ ድምፅ ጥርት ያለ ቢሆንም የአዳራሹን ስሜት ብዙም አይዝም። ሁለተኛው አንድ አድማጭ ከሕዝቡ መካከል ሆኖ በያዘው መሣሪያ የሚቀዳው ነው። በዚህኛው ቅጂ ውስጥ ከግድግዳ የሚመለሰው ማስተጋቢያ፣ የጎረቤት ሳል፣ ጭብጨባና ፉጨት ሁሉ አብረው ይገባሉ። ጥራቱ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን አድማጩ በዚያች ሰዓት የሰማውን ያሰማል።

የሄቪ ሜታል ዝግጅትን በዚህ መንገድ መቅዳት በተለይ ከባድ ነበር። የአዳራሹ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል በላይ ሲወጣ ትንሿ ማይክሮፎን ትታፈናለች፤ ቅጂውም ይሰነጠቃል። ብዙዎቹ አነስተኛ ቴፖች የድምፅን መጠን ራሳቸው የሚያስተካክሉ ናቸው። ከበሮው ሲጮህ ድምፁን ይቀንሳሉ፣ ጸጥታ ሲሆን መልሰው ከፍ ያደርጉታል። በዚህም የተነሳ ዘፈኑ እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ ይላል። የ90 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጹ 45 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ቀጂው ሲገለብጠው የዘፈኑ ቁራጭ ያመልጠዋል። በዚህ ላይ በብዙ አዳራሾች መቅዳት የተከለከለ ነበር። እ.አ.አ በ1970ዎቹ በሎስ አንጀለስ የሌድ ዘፔሊን ባንድን ዝግጅቶች የቀዳ አንድ አድማጭ፣ ከባዱን መቅረጫ ለማስገባት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይገባ እንደነበር ይነገራል። እርሱ ያስቀራቸው ቅጂዎች ዛሬ ከአድማጭ ከተቀዱት ሁሉ ምርጥ ከሚባሉት መካከል ናቸው።

ቅጂው ብርቅ የሚሆነው ታዲያ በምን ምክንያት ነው? አንደኛ፣ የዚያ ዝግጅት ሌላ ማስረጃ ሳይኖር ሲቀር ነው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ካሴት ራሱ ሲገኝ ነው። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ የሽሽታ ድምፅ ይጨመራል፣ የዜማው ጥራትም ይቀንሳል። ከአራትና ከአምስት እጅ በኋላ የሚደርሰው ቅጂ የመጀመሪያው ጥላ ብቻ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ያ ሙዚቀኛ ዳግም የማይመለስ ሲሆን ነው።

ለዚህ የሜታሊካ ባንድ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው። የባንዱ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ክሊፍ በርተን መስከረም 27 ቀን 1986 እ.አ.አ ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ በ24 ዓመቱ ሞተ። ጓደኞቹ በቀጣዩ ዓመት መታሰቢያ የሚሆን ፊልም ሊያወጡ ሲነሡ፣ በእጃቸው ከገባው ምስል አብዛኛው አድናቂዎች ከሕዝብ መካከል በራሳቸው ካሜራ የቀረጹት ነበር። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁም ይሻክራል። ሆኖም ወጣቱ በመድረክ ላይ እንዴት ይጫወት እንደነበር ዛሬም የሚታየው በእነዚያ ቅጂዎች ነው።

ድምፅ መጥፋትና መትረፉ በኢትዮጵያም ታሪክ አለው። እ.አ.አ በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በሰም ሲሊንደር ላይ ድምፅ ቀርጻ ላከች። ሲሊንደሩ ከተሰማ በኋላ በንግሥቲቱ ፈቃድ እንዲጠፋ ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በምላሹ የላኩት ድምፅ ግን ተጠብቆ በመቆየቱ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በተመሳሳይ መሣሪያ ከተቀዱት ከሁለቱ አንዱ ለታሪክ ተረፈ፣ ሌላው ጠፋ። ልዩነቱን የፈጠረው የሰው ውሳኔ ነው።

ከባድና ጯሂ ሙዚቃም ቢሆን ለኢትዮጵያ ጆሮ ፍጹም እንግዳ አይደለም። በይፋት የተወለደው የሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ የሽለላንና የፉከራን ድምፅ ወደ ሳክስፎን አምጥቶ ዝናን አትርፏል። የሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ፣ ለሄቪ ሜታል ጎረቤት የሆነውን ፓንክ ሮክ የሚጫወት ቡድን፣ እ.አ.አ በ2004 ወደ አምስተርዳም ጋበዘው፤ በ2006ም «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አብረው አወጡ። ጯሂው ጊታርና የአርበኛው ፉከራ በአንድ መድረክ ተግባቡ። እ.አ.አ በ2012 ደግሞ ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» በተባለ አልበሙ የሮክ ጊታርን ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር አዋሕዶ ቀረበ።

እንዲህ ያሉ አልበሞች በስቱዲዮ ተሠርተው በብዙ ቅጂ ስለሚሠራጩ በቀላሉ አይጠፉም። ለአደጋ የተጋለጠው አድማጭ በራሱ ቴፕ የቀዳው ነው። ካሴት እ.አ.አ በ1963 በፊሊፕስ ኩባንያ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ከተማውም ወደ ገጠሩም ቤት ገባ። በሠርግ፣ በማኅበርና በበዓል ላይ የተቀዱ ዘፈኖች፣ ፉከራዎች፣ የለቅሶ ግጥሞችና የአባቶች ምርቃት ዛሬም በየቤቱ መሳቢያና ሣጥን ውስጥ አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አንድ ቅጂ ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ ካሴት ያረጃል፤ ድምፁን የያዘው የብረት ዱቄት ከፕላስቲኩ ይላቀቃል፣ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው።

ካሴት ያለው ሰው ሊያደርገው የሚገባው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በመጀመሪያ ካሴቱን ከፀሐይ፣ ከምድጃ ጭስ፣ ከእርጥበትና ማግኔት ካለው ድምፅ ማጉያ ማራቅ ያስፈልጋል። በላዩ ላይ ሌላ ድምፅ በስሕተት እንዳይቀዳበት በጀርባው በኩል ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች መስበር ይበቃል። ሻጋታ የያዘ ካሴት ሳይጸዳ መጫወት የለበትም፤ ክሩም ማጫወቻውም ይበላሻሉ። ክሩ ደኅና ሆኖ ቀፎው ብቻ ከተሰበረ ግን ወደ ሌላ ቀፎ ማዛወር ይቻላል።

ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ የማጫወቻው የንባብ ራስ በአልኮልና በጥጥ ይጠረጋል፤ ከዚያም ከማጫወቻው የድምፅ መውጫ እስከ ኮምፒውተሩ በገመድ ይያያዛል። ከድምፅ ማጉያው ፊት ስልክ አስቀምጦ መቅዳት የመጨረሻ አማራጭ መሆን አለበት። ፋይሉ ሳይታመቅ «ዌቭ» በሚባለው ዓይነት ቢቀመጥ ጥራቱ ይጠበቃል። ሽሽታውን ለማጥፋት መቸኮል አያስፈልግም፤ የሚጸዳው ተጨማሪ ቅጂ እንጂ ዋናው አይደለም። ፋይሉም ቢያንስ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ቢሆን ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ መረጃው መጻፍ አለበት። ማን ዘፈነ? የት? መቼ? ቀጂውስ ማን ነበር? ድምፅ ያለ ስም ቢተርፍ እንኳ ለልጅ ልጅ ግማሽ ምስክር ነው። እነዚህን የሚያውቁ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መመዝገብ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

በሌላ በኩል ቅጂውን መያዝና መሸጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥምና ዜማ ደራሲ፣ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ አሳታሚው መብት ይሰጣል። ስለሆነም የሌላውን ሰው ዘፈን ለሕዝብ ለማሠራጨት ወይም ለገበያ ለማቅረብ የባለመብቶቹ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለታሪክ የሚጠቅም ቅጂ ያለው ሰው ግን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ወይም የሀገሪቱን ቤተ መዛግብት ማማከር ይችላል።

ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ቀጂ ሆኗል፤ ችግሩ ግን አልቀረም። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ማኅደሩ ሲሞላም ይደለዛል። የበርሚንግሃሙ ጊታርም ሆነ የይፋቱ ፉከራ ለነገ የሚደርሰው ዛሬ የቀዳው ሰው ስም ጽፎበት፣ አባዝቶ ሲያስቀምጠው ነው። በሣጥን ውስጥ ያለው ካሴት አንድ ብቻ ከሆነ ጊዜው አሁን ነው።