የጽጌረዳ ሽቶና የተቀባው ሰው ባሕርይ

 

ሽቶ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ጽጌረዳ ያለበት ከሆነ ለርኅሩኅና ለስሜተ ስሱ ሰው የተዘጋጀ ነው ይላል። ዑድ ከሆነ ደግሞ በራሱ ለሚተማመን ሰው። ወጣቶቻችንም ይህን እየተቀባበሉ «ጽጌረዳ የምትቀባ ልጅ ባሕርይዋ እንዲህ ነው» ሲባባሉ እንሰማለን። በጨዋታ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ሰው ለትዳር ሲታሰብ፣ ለሥራ ሲቀርብ፣ መስጊድ ውስጥ አጠገባችን ሲቆም በጠረኑ የምንመዝነው ከሆነ ግን ልንነጋገርበት ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ አበባዋ ጥቂት እንበል። በእኛ ዘንድ በጣም የታወቀው የጽጌረዳ ዒጥር የጣኢፍ ነው። ጣኢፍ ከመካ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ በተራሮች ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አበባው የሚለቀመው በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት ነው፤ ለቀማውም ፀሐይ ሳትጠነክር በማለዳ ይከናወናል፤ ሙቀት ዘይቱን ያተነዋልና። የተለቀመው አበባ በውኃ ይቀቀላል። እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፤ ዘይቱም ከላይ ይንሳፈፋል። ይህ ተገፍፎ ሲወሰድ ዒጥሩ እርሱ ነው፤ የቀረው የጽጌረዳ ውኃ ይባላል። አንድ ቶላ፣ ማለትም ወደ 12 ግራም ገደማ የሚሆን ዘይት ለማግኘት 10,000 ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ አበባ ያስፈልጋል። (ጽጌረዳን ማንጠር የጀመረው ኢብን ሲና ነው ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ነገር ግን ኢብን ሲና ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በፊት በሞተው በአል-ኪንዲ ስም የሚታወቅ የሽቶ አሠራርና የማንጠር መጽሐፍ አለ።)

እንግዲህ አስቡት። ያ ሁሉ አበባ ለ12 ግራም! በጥቂት ብር «ንጹሕ የጣኢፍ ጽጌረዳ» ተብሎ የሚሸጠው ጠርሙስ አብዛኛው በቤተ ሙከራ የተሠራ ጠረን ነው። በቤተ ሙከራ በመሠራቱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ንጹሕ ነው ብሎ መሸጡ ላይ ነው። በዝዋይና በሆለታ ዙሪያ የሚበቅሉት ወደ ውጭ የሚላኩ ጽጌረዳዎችም ቢሆኑ በአብዛኛው የሚመረጡት ለግንዳቸው ርዝመትና ሳይጠወልጉ ለመቆየታቸው እንጂ ለመዓዛቸው አይደለም። ስለዚህ ካርቶኑ ስለ ባሕርያችን የሚነግረን በጽጌረዳ ስም ቢሆንም ጠርሙሱ ጽጌረዳ ነክቶት ላያውቅ ይችላል።

ታዲያ ጠረን ልባችንን የሚነካው ለምንድን ነው? አላህ (ሱ.ወ) በፈጠረው አካላችን ውስጥ የማሽተት ነርቭ ስሜትንና ትዝታን ከሚይዘው የአንጎል ክፍል ጋር በጣም የተቀራረበ ነው። በእናቱ የልብስ ሣጥን ውስጥ ጽጌረዳ እያሸተተ ያደገ ሰው ሲሸተው ደስ ይለዋል። ያንኑ ጠረን መጀመሪያ ያገኘው በሕመምተኛ ክፍል ከሆነ ደግሞ ፊቱን ያዞራል። ይህ የሁለቱን ሰዎች ኑሮ ይነግረን እንደሆነ እንጂ የትኛው ደግ፣ የትኛው ክፉ እንደሆነ አይነግረንም። አንዱ ሽቶ በሁለት ሰዎች ቆዳ ላይ እንኳ ሁለት ዓይነት ሊሸት ይችላል፤ የቆዳው ቅባትና ሙቀት ይለያያልና።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መልካም ባልንጀራን በሚስክ ሻጭ፣ መጥፎውን በወናፍ ነፊ መመሰላቸውን አቡ ሙሳ አል-አሽዓሪ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ብዙዎቻችን ይህን ሐዲስ እናውቀዋለን፤ አንድ ነገር ግን እናልፋለን። ሻጩ ዘንድ የተቀመጠው ሰው ሳይገዛ፣ ሳይሰጠውም ቢቀር መልካም ጠረን አግኝቶ ይሄዳል። ጠረኑ የእርሱ አይደለም፤ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ሌላም አለ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ሰዎች ከሥራቸው ላብና አቧራ ይዘው ለጁሙዓ ይመጡ ነበር፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ለዚህ ቀን ብትታጠቡ መልካም ነበር የሚል ምክር ሰጡ። ምክሩ ስለ ሰውነታቸው ንጽሕና ነበር፤ ባሕርያቸውን አልነኩም። ከእነዚያ ባለ ላብ ሰዎች መካከል እኛ ዛሬ ስማቸውን «ረዲየላሁ ዐንሁም» ሳንል የማናነሣቸው አሉ። የቀን ሠራተኛው ወንድማችን ሶፍ ውስጥ ሲገባ ትከሻችንን የምንሰበስብ ሰዎች ይህን ብናስታውስ ምናለ?

የተቀባው ሰው ጠባይ የሚታይበት ቦታ ካለ መጠኑ ላይ ነው። አፍንጫ ጠረንን ቶሎ ይለምዳል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የተቀባው ሰው የራሱን ሽቶ አያሸተውም። ጠፋ ብሎ ይጨምራል፤ አሁንም ይጨምራል። በዚህ መካከል ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠችው ነፍሰ ጡር ታቅለሸልሻለች፤ አስም ያለበት አባት ይታፈናል። የጽጌረዳ ዘይት ደግሞ ኃይለኛ ነው፤ አንዲት ጠብታ ለቀኑ ትበቃለች። በዛብኝ ወይ ብሎ የቤት ሰውን መጠየቅ ይሻላል። የአስቤዛውን ገንዘብ ለሽቶ የሚያወጣ አባወራም ቢሆን ባሕርይውን የሚያውቁለት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው፤ ለዚያ የካርቶን ጽሑፍ አያስፈልጋቸውም።

እኅቶቻችን ከቤት ሲወጡ ጠረናቸው ለመንገደኛ እንዲደርስ እንዳይቀቡ የመጣውን ማስጠንቀቂያ ብዙ ወንድሞች በቃላቸው ይዘውታል። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው መስጊዳችንን አይቅረብ የሚለውን ግን፣ ካልሲያቸውን ስናይ፣ ሁሉም የያዙት አይመስለንም።

ወደ ጣኢፍ እንመለስና፣ ከዚያች ከተማ ለሐጅ ወይም ለዑምራ በአስ-ሰይል መንገድ ወደ መካ የሚወርድ ሰው ሚቃቱ ቀርኑል-መናዚል ነው። ዓኢሻ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለኢሕራም ሲዘጋጁ ሽቶ ይቀቧቸው ስለነበር ከኒያው በፊት ገላን መቀባት ይቻላል። ከኒያው በኋላ ግን ዕድሜውን በጽጌረዳ ማሳ ያሳለፈው የጣኢፍ ገበሬም፣ ከሩቅ አገር የመጣው ድሃም ከኢሕራም እስኪወጡ ድረስ አዲስ ሽቶ አይቀቡም። ለጉዞ የምትዘጋጁ ሁሉ መዓዛ የሌለው ሳሙና ከወዲሁ ሻንጣችሁ ውስጥ ክተቱ፤ በሚቃት ግርግር መፈለግ ያስቸግራልና።