ከሞተሩ በፊት ነጂው ይደግ

«ለመሆኑ ዕድሜህን ረሳኸው?» ነበር ያለችኝ ባለቤቴ፣ ሞተር ልገዛ መሆኔን የነገርኳት ዕለት። አልተቀየምኳትም። በእኛ በግሪን ቫሊ ራንች ሐበሻ ታክሲ ይነዳል፣ ትራክ ይነዳል፤ ስኩተር ላይ ጉብ ብሎ የሚሄድ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ግን የሰፈር መሳቂያ ነው። ይሁን እንጂ ቤታችን ያለችው አንዲት መኪና ናት። ባለቤቴ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳ ሥራዋ ትሄድባታለች፤ እኔ ኤርፖርት ለፈረቃዬ መድረስ አለብኝ። ሁለተኛ መኪና ከነኢንሹራንሱ መግዛት ደግሞ ለልጆቹ ያስቀመጥናትን ጥሪት መንካት ነው።

ወደ ኤርፖርት የሚወስደው ፔኛ ቡልቫርድ መኪና የሚወነጨፍበት መንገድ ስለሆነ በትንሽ ሞተር አይሞከርም። ስለዚህ ያሰብኩት በሰፈር መንገድ እስከ 61ኛውና ፔኛ ባቡር ጣቢያ በስኩተር፣ ከዚያ ወዲያ ከ2016 ጀምሮ በሚሠራው የኤ መስመር ባቡር መሄድ ነበር።

ስኩተር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቬስፓን የጣልያኑ ፒያጆ ፋብሪካ ለገበያ ያወጣው በ1946 እ.ኤ.አ. ነው። አገር ቤት ባለሦስት እግሩ የሚጠራበት ስም ባለቤት፣ የሕንዱ ባጃጅ፣ በ1960ዎቹ ቬስፓን በፈቃድ ይሠራ ነበር።

የኮሎራዶ ሕግ ከ50 ሲሲ ያልበለጠውን፣ በኤሌክትሪክ ከሆነ ከ4,476 ዋት ያልበለጠውን፣ በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን የሌለውን ስኩተር ለብቻው ይመድበዋል። በተራው የመኪና መንጃ ፈቃድ ይነዳል፤ ምዝገባና ኢንሹራንስ ግን አይቀርለትም። ከ40 ማይል በላይ መንዳት ክልክል ነው፤ ኢንተርስቴት ላይም አይወጣም። 50 ሲሲን ያለፈ ሁሉ ሞተር ሳይክል ነውና መንጃ ፈቃዱ ላይ የ«ኤም» ምልክት ይጠየቃል። እኔም የቀለለውን መረጥኩ፤ አንድ ያገለገለ 50 ሲሲ ገዛሁ።

ገዝቼ ሳምንት ሳይሞላኝ አንጀቴ አረረ። ትንሽ ዳገት ሲያይ ያቃስታል፤ ኋላዬ ያለው መኪና ጡሩንባውን ይነፋል። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,609 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህሉን ያጣል። ትልቅ መኪና ይችለዋል፤ የ50 ሲሲ ሞተር ግን ከየት ያመጣዋል? «ሲሊንደሩን ወደ 80 ሲሲ አሳድገው» የሚል መካሪ አላጣሁም። ዕቃውን ልገዛ ገንዘቤን ቆጥሬ፣ ጋራዡ ውስጥ ሞተር የሚጠግን አንድ የጎንደር ሰው ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እስቲ በ25 ማይል እየመጡ ድንገት ፍሬን ይያዙልኝ» አለኝ። ያዝኩ። የኋላ ጎማዬ ተንሸራቶ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «የሚያድገው እርስዎ ነዎት እንጂ ሞተሩ አይደለም» አለና ሳቀ። ከዚያም አስረዳኝ። ሲሊንደሩ ካደገ በሕግ ፊት ሞተር ሳይክል ይሆናል፤ በ50 ሲሲ ምዝገባና ያለ «ኤም» መንዳት ከፖሊስም ከኢንሹራንስም ያጣላል። በዚያ ላይ ፍሬኑ የተሠራው ለትንሹ ጉልበት ነው።

እሱ ያደረገልኝ ይህን ነው። የደረቁትን ጎማዎች ለወጠ፤ የፍሬን ሸራውን አደሰ፤ ያረጀውን ቺንጋ ቀየረ። ካርቡራተሩ ለቆላ የተስተካከለ ነበርና ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ በጠባብ ተካት፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛልና። ቤንዚን በኢንጀክሽን የሚረጭ ስኩተር ይህን ራሱ ያስተካክላል፤ አዲስ ገዢ ቢችል እሱን ይምረጥ። ለሲሊንደር የቆጠርኩት ገንዘብ ደግሞ ለሄልሜት፣ ለወፍራም ጃኬትና ለጓንት ዋለ። ኮሎራዶ 18 ዓመት የሞላውን ሰው ሄልሜት አድርግ ብላ አታስገድድም፤ የዓይን መከላከያ ግን ግዴታ ነው። ሕጉ ባያስገድድም ጭንቅላት አንድ ነው።

መጋቢት ላይ፣ በረዶው ቀልጦ የተነሰነሰው አሸዋ መንገድ ላይ ቀርቶ ሳለ፣ ግሪን ቫሊ ራንች ቡልቫርድ ላይ ስታጠፍ የፊት ፍሬን ያዝኩና ተዘረጋሁ። ጃኬቱ ክርኑ ላይ ተቦጨቀ፤ ሄልሜቱ ተጫረ። እኔ ተነስቼ አቧራዬን አራገፍኩ። ያ ገንዘብ ሲሊንደር ቢገዛበት ኖሮ ይህን ጽሑፍ ማን እንደሚጽፈው እንጃ!

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሁድን ሰውቼ የሞተረኞች ኮርስ ገባሁ። ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት ቀጥ ብሎ ሳለ፣ የፊቱንና የኋላውን አብሮ፣ ቀስ እያሉ መጫን መሆኑን እዚያ ተማርኩ። «ኤም»ንም አገኘሁ። አሁን ወደ 150 ሲሲ ልሻገር ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። መጀመሪያ ሄልሜት፣ ቀጥሎ ጎማና ፍሬን፣ ከዚያ ትምህርት፣ ትልቁ ሞተር በመጨረሻ። ባለቤቴም አሁን ዕድሜዬን መጠየቁን ትታለች። ጠዋት ስወጣ «ሄልሜትህን አሰርክ?» ብቻ ነው የምትለኝ።