ሽሮውን ማን ሠራው?

በውጭ አገር የምንኖር «የተማርን» ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ የማንነጋገርበት ጉዳይ የለም። ስለ ሕገ መንግሥቱ፣ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ዓባይ እስከ እኩለ ሌሊት እንሟገታለን። ከዚያ በኋላ ይርበንና፣ እኔ በምኖርበት በኬኒንግተን ከሆነ፣ ከአንዱ ሱቅ የተጠበሰ ዶሮና ድንች ገዝተን ቆመን በልተን እንለያያለን። «ለምን ቤት አትሠሩም?» ለሚል ጠያቂ መልሳችን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የኛ ምግብ ጊዜ ይፈጃል፤ ወጪውም አይቻልም»። ይህ መልስ የራሳችንን ምግብ ካለማወቅ የመጣ ነው ባይ ነኝ።

«የኛ ምግብ» ስንል በዐይነ ኅሊናችን የሚመጣው ዶሮ ወጥ ነው። ዶሮው በአሥራ ሁለት ብልት ይገነጠላል፤ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል፤ ሽንኩርቱ ብቻውን ግማሽ ቀን ይወስዳል። ይህ ግን የዓመት በዓል ምግብ ነው። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ፣ እቴጌ ጣይቱ በ1887 በእንጦጦ ማርያም ምረቃ ላይ ላደረጉት ታላቅ ግብር ሰፊ ቦታ ሰጥተዋል። ዛሬ በለንደንም ሆነ በዋሽንግተን በምግብ ቤቶቻችን የሚቀርበው ማዕድ የዚያ የግብር ቤት ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግብር ደግሞ ጊዜ፣ ማገዶና የብዙ ሴቶች ጉልበት ባለበት ቤት የሚሰናዳ ነው።

ከግብር ቤቱ ውጭ የነበረው ሕዝብ የበላው ሌላ ነው። ሲራራ ነጋዴው፣ ዘማቹ፣ የቆሎ ተማሪው በቁና ሽንኩርት እየከተፉ አልኖሩም። በሶ፣ ቆሎ፣ ጭብጦ፣ ድርቆሽ ይዘው ነው አገር ያቋረጡት። ዩኒቨርሲቲ በገባንበት ዘመንም ከአልጋችን ሥር የነበረው የበሶ ጣሳ እንጂ የዶሮ ወጥ ድስት አልነበረም። እንግዲህ አነስተኛ ወጪና ጥቂት ድካም የሚጠይቅ ምግብ ከፈረንጅ የምንማረው አዲስ ጥበብ ሳይሆን ከኛው ጓዳ የነበረ ነው።

የነዚህ ምግቦች ምስጢር ምንድን ነው? ድካሙ አስቀድሞ ማለቁ ነው። ምጥን ሽሮን እንውሰድ። አተሩ ወይም ሽምብራው ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለባው ይነፋል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው፣ አዝሙዱ ይደርቃል። በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ይደለዛል፣ እንደገና ይሰጣል። ከዚያ ሁሉም ተመጥኖ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። የብዙ ቀን ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን በላስቲክ የታሸገ ዱቄት ነው፤ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ወጥ ይሆናል። የ1960ዎቹ ትውልድ እንደሚያስታውሰው፣ ማርክስ በማሽን ውስጥ የተከማቸውን የትናንት ሠራተኛ ድካም «ሙት ጉልበት» ይለዋል። ስንቱ የማርክስ ጥናት ክበብ በሽሮ ተቀልቦ ሲያበቃ ሽሮውን ማን እንደሠራው ሳይጠይቅ ተበተነ!

ለነገሩ ይህ የኛ ብቻ ጉድለት አይደለም። ወደ ገበያ ስሄድ የማቋርጠው የኬኒንግተን ፓርክ ቀድሞ ኬኒንግተን ኮመን የሚባል ሜዳ ነበር። ቻርቲስቶች የተባሉት የእንግሊዝ ሠራተኞች የመምረጥ መብት ለመጠየቅ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1848 በብዙ ሺህ የተሰበሰቡት እዚሁ ነው። ስድስት ጥያቄ ነበራቸው፤ ከስድስቱ አንዱም ቤት ቀርታ ሾርባ ለምታፈላዋ ሴት ድምፅ ይሰጣት የሚል አልነበረም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 በዚህ አገር የምግብ ዋጋ ከዓመት በፊት ከነበረው ከ19 በመቶ በላይ አሻቅቦ ነበር፤ ከ40 ዓመት በላይ ያልታየ ንረት ነው። ከዚያ ወዲህ የጭማሪው ፍጥነት ቀዘቀዘ እንጂ ዋጋው ወደ ነበረበት አልተመለሰም። የጋዝና የመብራት ሒሳብም እንዲሁ። ስለዚህ በየዕለቱ ምድጃ ላይ ብዙ ሰዓት መቆም ሰውን ብቻ ሳይሆን ኪስንም ያደክማል። መፍትሔው ያው የእናቶቻችን ዘዴ ነው፤ ድካሙን በአንድ ቀን መጨረስ።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። በወር አንድ ቅዳሜ ጧት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት በማሽን እፈጫለሁ። በትልቅ ድስት ያለ ዘይት እሳት ላይ ጥጄ ውሃው እስኪመጥ አማስላለሁ፤ ይህ አርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ በመጨረሻም ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እጨምራለሁ። በርበሬው እንዳያር ውሃ ጠብ እያደረግሁ በዝግታ ሌላ ሠላሳ አርባ ደቂቃ አቆየዋለሁ። ጥሬ ጥሬ መሽተቱ ሲቀርና ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ቁሌቱ ደርሷል። ሲበርድ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍዬ በረዶ ቤት አስገባዋለሁ። መስኮት መክፈት ያስፈልጋል፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ደወል ቁሌት አይወድም።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ከሥራ ሲመለሱ አንዱን ዕቃ አውጥቶ ድስት ላይ መገልበጥ ነው። ቀይ ምስር ክክ ቢጨመርበት ሳይዘፈዘፍ በሃያ ደቂቃ ይበስላል። እንቁላል ቢመታበት እራት ነው። የፈላ ውሃ ጨምሮ ድርቆሽ ቢለወስበት አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ፍርፍር ይሆናል። ድርቆሽ ለመሥራት ደግሞ ፀሐይ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የተረፈውን እንጀራ ቆራርሶ በክረምት የቤት ማሞቂያው ላይ ማዋል በቂ ነው። ለሽሮ ለሁለት ለሦስት ሰው አንድ ብርጭቆ ዱቄት፣ ሦስት ብርጭቆ ተኩል ውሃ ይበቃል። እንዳይጓጉል ዱቄቱን አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጨመር፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሶ እስኪንተከተክ መተው ነው። በእንጀራ ብቻ ካልተበላ ብሎ ነገርም የለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ካገደች ወዲህ፣ እገዳው በ2015 በከፊል ቢላላም፣ እንጀራ በዚህ አገር የርካሽ ምግብ ጎራ ውስጥ የለም። ሽሮ በሩዝ ወይም በዳቦ ቢበላ ሰማይ አይደፋም።

ሸመታውም ቦታ አለው። ሽንኩርትና ቲማቲም ዎልዎርዝ ከሚገኘው ከኢስት ስትሪት ገበያ በእግር ሄጄ እገዛለሁ። ቅመም ሲያስፈልገኝ በ159 ቁጥር አውቶቡስ ብሪክስተን እወርዳለሁ። ምስርና ሽምብራ ክክ ከእስያውያን ሱቅ በትልቁ ከረጢት መግዛት ያዋጣል። ለጎመን ደግሞ እንግሊዞች ስፕሪንግ ግሪን የሚሉት ቅጠል ከአገር ቤቱ ጋር ይቀራረባል።

አሁን ዋናው ጥያቄ፤ ሽሮውስ ከየት ይምጣ? እስካሁን ከአገር ቤት በሻንጣ ሲመጣልን ኖሯል። ሽሮና በርበሬ ይገባሉ፤ ቅቤ ግን አይገባም፤ ከአውሮፓ ውጭ ካሉ አብዛኞቹ አገሮች ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ ወደ እንግሊዝ መግባት ክልክል ነው። ነገር ግን ሻንጣው ራሱ እየሳሳ ነው። የሚልኩት እናቶችና አክስቶች እያረጁ ነው፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። እህቶቻችን ቢሮ ይውላሉ፤ እነሱም እንደኛ ሽሮ ከሱቅ ይገዛሉ። ያ የታሸገ ጉልበት ሲያልቅ ተተኪው ማን ነው? ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም እየተባልን ያደግን ሰዎች ለመመለስ የምንቸገርበት ጥያቄ ነው። እዚህ ያሉት ሚስቶቻችን ይተኩ የሚል ካለ፣ እነሱም እንደኛው ስምንት ሰዓት ሠርተው የሚገቡ መሆናቸውን ያስታውስ።

መልሱ የራሳችን እጅ ነው፤ ያን ያህል ከባድም አይደለም። አንድ ኪሎ የሽምብራ ክክ በሰፊ ትሪ ዘርግቶ በ180 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ማስገባት፣ በየመሐሉ እያገላበጡ ሽታው እስኪያውድና ቀለሙ ትንሽ እስኪጠቁር ሃያ ሃያ አምስት ደቂቃ ማቆየት ነው። ጨርሶ ከበረደ በኋላ አንድ የቡና ስኒ በርበሬ፣ የደረቀ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማ ይጨመራል፤ ልኩ እንደ ቤቱ ልማድ ነው። አንዳንዶች ጥቂት የደረቀ ጤና አዳም ያክሉበታል። የቅመም መፍጫ ማሽን ትንሽ ስለሆነች በጥቂት በጥቂቱ መፍጨት፣ በወንፊት መንፋት፣ ያልላመውን መልሶ ማስገባት ነው። ኮረሪማው ግን አስቀድሞ ይፈልፈል፤ ከነልጡ የገባ እንደሆነ ሽሮው ይሻክራል።