ሲኤን 22፦ የእጅ ሥራን ባሕር የምታሻግር ወረቀት

ሽሮ ሜዳ የተገዛ ነጠላ ዋሽንግተን ወይም በርሊን ያለች ደንበኛ ትከሻ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ስለ ጥለቱ፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ ዋጋው ብዙ ይወራል። ጥቅሉ ላይ ስለምትለጠፈው ትንሽ ወረቀት ግን ደንታ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሲኤን 22 ትባላለች፤ በፖስታ የሚላክ ዕቃ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ናት። ትራንዚተር ለመቅጠር አቅም ለሌለውና ሸምኖ ወይም አሸምኖ፣ አሽጎ፣ ራሱ ፖስታ ቤት ለሚሰለፍ ነጋዴ ከእሷ የተሻለ ጠበቃ የለውም።

ቅጿ የዓለም ፖስታ ኅብረት ናት። ኅብረቱ በ1874 እ.ኤ.አ. በርን ላይ ተመሠረተ፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በ1908 አባል ሆነች። አዲስ አበባ ላይ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ የተሞላው ቅጽ ቶኪዮም ሆነ ሮም ያለ ጉምሩክ ላይ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። የዕቃው ዋጋ ከ300 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፤ 300ው ወደ 400 ዶላር ይጠጋል) ካለፈ ወይም ዕቃው በፓርስል ከሄደ ሰፋ ያለችው ሲኤን 23 ትተካታለች።

አሞላሏ ከባድ አይደለም፦ ምንነት፣ ብዛት፣ ክብደት፣ ዋጋ፣ የተሠራበት አገር፣ የታሪፍ ቁጥር፣ ፊርማ። ሆኖም ብዙ ላኪ «ልብስ» ወይም «የባህል ዕቃ» ብሎ ያልፋል። ይህ ስንፍና ነው። «በእጅ የተሸመነ የሴት ስካርፍ፣ 100% ጥጥ፣ 2 ፍሬ» ተብሎ ቢጻፍ ፈታሹ ጥቅሉን ለመቅደድ ምክንያት ያጣል። የታሪፍ ቁጥሩም ቢሆን የሚያስፈራ ነገር የለውም። ከጥጥ የተሸመነ ስካርፍ 6214.90 ውስጥ ይገባል፤ የሐረር ሞሰብን የመሰለ የስፌት ሥራ 4602 ውስጥ። ጋቢ ግን ያከራክራል፤ እንደ ትከሻ ልብስ ከታየ 6214፣ እንደ ጥጥ ብርድ ልብስ ከታየ 6301.30 ነው። ስለዚህ ላኪው መጠኑንና አገልግሎቱን በግልጽ መጻፍ አለበት።

ከሁሉ የከፋው ልማድ ቅጿ ላይ ካሉት ሳጥኖች «ስጦታ» የሚለውን መምረጥ ነው። ብዙ ነጋዴ ይህን እንደ ብልሃት ይቆጥረዋል፤ አንዱ ለሌላው ይመክረዋል፤ ገዢውም ይለምናል። ነገሩ ግን ሁለት ጊዜ ስህተት ነው። አንደኛ፣ ስጦታም ጣሪያ አለው፦ በአውሮፓ ኅብረት 45 ዩሮ፣ በብሪታንያ 39 ፓውንድ፣ በአሜሪካ 100 ዶላር። ሁለተኛ፣ ስጦታ የሚባለው ግለሰብ ለግለሰብ ያለ ክፍያ የሚልከው ነው። ገንዘብ የተከፈለበት ነጠላ ዋጋው 10 ዶላርም ቢሆን ሽያጭ ነው፤ «ስጦታ» ብሎ መፈረም ለጉምሩክ የሐሰት ቃል መስጠት ነው። የጉምሩክ ሠራተኛ ጥርጣሬ ከገባው የክፍያ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ይከርማል። ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍም የዚሁ ወንድም ነው። በዋስትና የተላከ ጥቅል ሲጠፋ ካሳው ከተመዘገበው ዋጋ አይበልጥም፤ የ90 ዶላር ጋቢ 15 ዶላር ተብሎ ከተጻፈ ኪሳራው የላኪው ነው።

ይህ ማታለያ ቀድሞም ብዙ አይጠቅምም ነበር። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ታስገባ ስለነበር የአንድ ሰው ንግድ ዕቃ አብዛኛው እውነቱ ተጽፎም ያልፍ ነበር። ያ ዕድል ከኦገስት 29 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም አገር ታግዷል። አሁን ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ከገዢው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ግድ ነው።

ወደ አውሮፓ የሚልክ ደግሞ የሚዘነጋው ጥቅም አለው። ኢትዮጵያ እጅግ ካላደጉ አገሮች ተርታ በመሆኗ ከጦር መሣሪያ በቀር ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አውሮፓ ኅብረት ታስገባለች። ከ6,000 ዩሮ የማይበልጥ ጭነት የሚልክ ሰው ላኪ ሆኖ ባይመዘገብም በደረሰኙ ላይ የምርቱን መነሻ አገር የሚገልጸውን ቃል ራሱ መጻፍ ይችላል። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ግን አይቀርም።

አሮጌ መስቀል፣ ብራና ወይም ሌላ ቅርስ ከሆነ ግን ቅጿ አታድነውም፤ ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይገኝ ከአገር አይወጣም።

ውጭ አገር የምትኖሩ ገዢዎችም አንድ ነገር አድርጉ፦ የእጅ ሥራ ስታዝዙ ሻጩን «ስጦታ ብለህ ጻፍልኝ» አትበሉት። ቀረጡን አስባችሁ እዘዙ፤ ቅጿ ላይ የሚፈርመውና የሚጠየቀው እሱ ነው።